ከቤቴል ወደ ቤተ ልሔም

የልደት በዓል ሲቃረብ በቤቴል ሰፈር ያለው ግርግር ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከጦር ኃይሎች ወደ ሰፈራችን በሚመጣው መንገድ ዳር በግ ይነዳል፣ ዶሮ ይታሰራል፣ ሽንኩርት ይመዘናል፤ እናቶች ጠላውን ጠንስሰው ድፎውን ለመድፋት ሲሰናዱ፣ ልጆችም አዲሱን ልብስ ለመልበስ ቀን ሲቈጥሩ ይሰነብታሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ክርስቲያን በጌታው ልደት ቢደሰትና ቤቱን ቢያሰናዳ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ግቢው ሲጠረግና ቄጤማው ሲጐዘጐዝ ልባችን ምን ሆኖ ይሰነብታል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

እኛ የቤቴል ነዋሪዎች መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሰፈራችን ስም ራሱ ያስተምረናል። የታክሲ ረዳት በየቀኑ እየጮኸ የሚጠራው ቤቴል፣ ትርጓሜው የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ክፍለ ከተማችን የያዘው ቀራንዮ የሚለው ስም ደግሞ ጌታ የተሰቀለበትን ስፍራ ያሳስባል። ስሙን አፋችን ለምዶታል፤ ልባችን ግን አስተውሎት ይሆን?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 እንደ ተጻፈው፣ ያዕቆብ ወደዚያ ስፍራ የደረሰው ለመሳለም ሄዶ ሳይሆን የወንድሙን የዔሳውን ቍጣ ሸሽቶ ነው። የአባቱን ምርቃት በተንኰል ወስዶ ስለ ነበረ ከቤቱ ወጣ፤ መሸበትም፤ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። በሕልሙ ከምድር እስከ ሰማይ የደረሰ መሰላል፣ መላእክትም ሲወጡበትና ሲወርዱበት አየ። ሲነቃ ስፍራውን ቤቴል ብሎ ሰየመው፤ ስእለትም ተሳለ። ዳግመኛ ወደ ቤቴል የተመለሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በምዕራፍ 33 እንደምናነበው ከወንድሙ ጋር ተቃቅፎ ካለቀሰ በኋላ ነው። በምዕራፍ 35 ወደ ቤቴል ለመውጣት ሲነሣ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ ጣዖታቱን እንዲያስወግዱ፣ ራሳቸውን እንዲያነጹ፣ ልብሳቸውንም እንዲለውጡ አዘዘ። ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ አስቀድሞ ዕርቅ፣ ቀጥሎ ንጽሕና፣ በመጨረሻም አዲስ ልብስ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከልብሱ እንጀምርና እዚያው ላይ እንቀራለን።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመገሠጽ ሳይሆን በራሴ የደረሰውን በማስታወስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ ዮሐንስ ስለ ነበረ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በዕለተ እሑድ ዋለ። ጾመ ነቢያትን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ ቀን ሳልሽር ጾሜ ነበር፤ ቅዳሴም አላስታጐልሁም። ሆኖም በዕድሜ ከሚበልጡኝ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጋር፣ በክረምቱ የጣራዬ ውሃ በአጥራቸው ሥር ገብቶ ግድግዳቸውን አረጠበ በሚል ምክንያት ተኳርፈን፣ አምስት ወር ሙሉ ሰላምታ አቋርጠን ነበር። ለበዓሉ ቅርጫ የሚገቡትን ሰዎች ስም የምጽፈው እኔ ነበርሁ። በየዓመቱ ከእኛ ጋር የሚገቡትን የእኒያን ሽማግሌ ስም ሆን ብዬ ዘለልሁት። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቅ ቢመጣም ረስቼው ነው ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት ለመቍረብ አስቤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ስለ ጾሜ በረጅሙ ነገርኋቸው። ታግሠው ከሰሙኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሆድህ እንደ ጾመ ሰማሁ፤ የተጣላኸው ሰውስ አለን?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባ ይዞ ስለሚመጣ ሰው ያዘዘውን አስታወሱኝና፣ «እንግዲያስ አስቀድመህ ወደ ሰውየው ሂድ፤ ስትመለስ እንገናኛለን» ብለው አሰናበቱኝ።

ከቤቴ እስከ ጎረቤቴ በር ያለው ርቀት ከሃያ እርምጃ አይበልጥም፤ የዚያን ቀን ማታ ግን እንደ እርሱ የረዘመብኝ መንገድ አላውቅም። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ነበሩ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሲነሡ፣ «ጋሼ፣ በድያለሁ፤ ስለ ውሃውም ስለ ቅርጫውም ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ስለ ቅርጫው አላወቁም ኖሯል፤ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔም ታናሽ ነህና አንተ ቀድመህ ትምጣ ብዬ አምስት ወር ጠበቅሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። በል ተቀመጥ፤ ቡናው ደርሷል» አሉ። የቅርጫው ሰው ተሟልቶ ገንዘቡም ተከፍሎ ስለ ነበር የራሴን መደብ ለሁለት ተካፈልን። የውሃውን ነገር ከበዓሉ በኋላ ቦይ ቈፍረን ጨረስነው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። አምስት ወር ያራራቀን ነገር ይህን ያህል ብቻ ነበር።

በልደት ሌሊት ጧፍ ይዤ ስቆም፣ መላእክት ለምድር ያበሠሩት ሰላም ለእኔም የተነገረ መሰለኝ። ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ ዮሴፍና እመቤታችን ወደ ቤተ ልሔም የወጡት ስማቸው እንዲመዘገብ ነበር፤ በደረሱም ጊዜ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አላገኙም። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ስፍራ በነሣቸው ሰው አዝን ነበር። የሰው ስም ከመዝገብ የሚዘልል እጅ የራሴ እጅ መሆኑን ግን አላሰብሁም ነበር።

ውድ አንባብያን፣ መንፈሳዊ ሕይወት በአንድ ሌሊት የሚሰናዳ አይደለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በቂ ጊዜ ሰጥታናለች። ጾመ ነቢያት ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ሲሆን ከኅዳር 15 አንሥቶ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ የሚውሉት ሦስቱ ሰንበታት ደግሞ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። እነዚህ ስሞች ለሊቃውንቱ ማሕሌት ብቻ የተሰጡ አይደሉም፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በቤታቸው ሊኖሩባቸው ይችላሉ።

በስብከት ሳምንት የነቢያት ትምህርት ይታሰባል። ስለዚህ ማታ ማታ ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ስልኩም ከእጅ ይቀመጥ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ለቤተ ሰቡ አንድ ምዕራፍ ያንብብ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 7 ስለ ድንግል መፅነስ፣ ሚክያስም በምዕራፍ 5 ከይሁዳ አእላፋት መካከል ታናሽ ስለ ሆነችው ስለ ቤተ ልሔም የተናገሩትን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቢሰሙት አይረሱትም። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ የሚጠቅመው የንባቡ ርዝመት ሳይሆን ሳይቋረጥ በየማታው መደረጉ ነው።

በብርሃን ሳምንት ሰው ወደ ራሱ ይመልከት። ጨለማ ቤት ንጹሕ ይመስላል፤ መስኮት ሲከፈት ግን አቧራው ይታያል። እንዲሁም ልብ በጸሎትና በጸጥታ ሲከፈት የተደበቀው ይገለጣል። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጊዜ ለብቻው ተቀምጦ ኅሊናውን ይመርምር፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ያለ አግባብ ተቈጥተው እንደሆነ ይቅርታ መጠየቅን እንደ ውርደት አይቍጠሩት፤ ልጅ ንስሐ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚማርበት ትምህርት ቤት የለም።

ኖላዊ ማለት እረኛ ማለት ነው፤ እረኛም በጎቹን ቈጥሮ የጠፋውን ይፈልጋል። በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ቤት ዝርዝሩን ደግሞ ይመልከት፤ ከመካከላችን የጠፋው ማን ነው? ልጆችዋ ርቀው ብቻዋን የቀረች ባልቴት ትኖር ይሆናል፤ በሆስፒታል የተኛ ጎረቤት ይኖር ይሆናል። ከዚህም የቀረበ አለ። በበዓሉ ሌሊት እኛ ለቅዳሴ ስንወጣ ከድስቱ ጋር የምትቀረው የቤት ሠራተኛችን ናት። ለጌታ ልደት የሚሆን ወጥ እየሠራች የጌታን ልደት ቅዳሴ እንዳታስቀድስ ማድረግ ከባድ ነገር ነው። ሥራው ቀደም ብሎ በኅብረት ይለቅና እርስዋም ነጠላዋን ለብሳ ከእኛ ጋር ትሂድ።

ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደሚነግረን፣ የእረኞቹን ወሬ የሰሙ ሁሉ ተደነቁ፤ እመቤታችን ግን ነገሩን ሁሉ በልብዋ ታኖረው ነበር። መደነቅ ከበዓሉ ጋር ያልፋል፤ በልብ የተቀመጠ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ይመግባል።

ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ይህን ስም የያዘች ትንሽ ቤት አለች፤ ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚሰናዳው በእርስዋ ነው። ዱቄቱ ሲቦካና ሲጋገር ሕዝቡ አያየውም፤ ቃጭል እየተመታ መሶበ ወርቁ ሲያልፍ ብቻ በአክብሮት ይሰግዳል። የውስጥ ሕይወትም እንዲሁ ነው። በስውር፣ ያለ ጩኸት ይሰናዳል፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉ ይደርሳል።

ያዕቆብ ከቤቴል ተነሥቶ የሄደበት መንገድ ወደ ኤፍራታ፣ ማለት ወደ ቤተ ልሔም የሚወስድ ነበር። በዚህች በእኛ ቤቴልም መንገዱ አልተዘጋም፤ ግን በጎረቤት በር በኩል ያልፋል። እርምጃው ቢከብድም ሃያ ያህል ነው። ቸሩ አምላካችን የተጣላነውን አስታርቆ፣ የራቀውን አቅርቦ፣ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።