ቁጥሩ የማን ነው? የሜታል ዲቴክተር ቅንብርና የምልክት ንባብ



ሜታል ዲቴክተር የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው መስኮት ላይ የሚወጣው ቁጥር ከመሬት በታች የተቀበረው ነገር መታወቂያ ነው ብሎ ያምናል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ምስማር፣ ከፍ ካለ መዳብ ወይም ብር ነው ይላል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ቁጥሩ የተቀበረው ነገር፣ የአፈሩና እኛ የመረጥነው ቅንብር የጋራ ውጤት መሆኑን ነው። ይህን ማወቅ ለወርቅ ፈላጊ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተቀበሩ ፈንጂዎችን ለሚያመክን ሰው ግን የእግርና የሕይወት ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ አንድ የቋንቋ ማሳሰቢያ ልስጥ። በአማርኛ «ብረት» ስንል አንዳንዴ ማንኛውንም ሜታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ማግኔት የሚስበውንና የሚዝገውን ብቻ ማለታችን ነው። ለመሣሪያው ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ እኔ «ብረት» የምለው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ለጠቅላላው «ሜታል» እላለሁ።

በመሣሪያው ክብ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንደኛው በፍጥነት የሚገለባበጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በብዙዎቹ የተለመዱ መሣሪያዎች ድግግሞሹ ከ5 እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው። መስኩ ሜታል ሲያገኝ በሜታሉ ውስጥ አዙሪት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል፤ ፍሰቱም በተራው የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ይልካል። ሁለተኛው ጥቅል የሚያዳምጠው ይህንን መልስ ነው። ከመልሱ የምናነበው ብርታቱንና ከተላከው መስክ ወደ ኋላ የቀረበትን መጠን ነው። የመስኮቱ ቁጥር በዋናነት የሚሰላው ከዚህ መዘግየት ነው።

መዘግየቱን የሚወስነው የሜታሉ ዓይነት ብቻ አይደለም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከመዳብ ሽቦ የተሠራ ቀለበት አለ። ጭንቅላቱን ሳሳልፍበት የሰማችሁት ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። አሁን ቀለበቱን አንድ ቦታ ላይ ቆርጬ ጫፎቹን አራራቅኋቸው፤ ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል። መዳቡ አልቀነሰም፤ የጠፋው ፍሰቱ የሚዞርበት መንገድ ነው። ቀጭን የወርቅ ሐብል ክብደቱ እኩል ከሆነ የወርቅ ቀለበት ይልቅ ለማግኘት የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንጻሩ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ መክፈቻና ቀጭን የወርቅ ቀለበት፣ ሜታላቸው ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

ወደ ቅንብሮቹ ልለፍ። ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚነካው ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን ነው፤ ከፍ ባደረግሁት ቁጥር ወደ ጥልቁ እደርሳለሁ ብሎ። ስሌቱ ግን ያሳዝነዋል። የጥቅሉ መስክ ከርቀት ጋር በሦስተኛ ርቢ ይዳከማል፤ መልሱም ሲመለስ እንዲሁ። በድምሩ ከትንሽ ነገር የሚመጣው ምልክት በርቀቱ ስድስተኛ ርቢ ይወድቃል ማለት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ 64 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ሴንሲቲቪቲውን እጥፍ ብናደርገው የምናተርፈው ጥልቀት 12 በመቶ ብቻ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው 22 ተኩል ገደማ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መስመርና የአፈሩ ረብሻ ግን በእጥፍ ይጎላል። በእኔ አስተያየት ረጋ ብሎ የሚሠራ መሣሪያ ያለማቋረጥ ከሚንጫጫ መሣሪያ ይበልጣል፤ ጆሮ ይደክማልና።

ድግግሞሹም የራሱ አድልዎ አለው። ቀጫጭንና ጥቃቅን ነገሮች ውስጥ ፍሰቱ ቶሎ ስለሚሞት እነርሱን ለማስጮኽ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያስፈልጋል፤ ደቃቅ ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ከፍ ያለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ወፍራም የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ግን በዝቅተኛው ድግግሞሽም በደንብ ይመልሳሉ፤ ድግግሞሹን ከፍ ስናደርግ የመዘግየት ልዩነታቸው ይጠብብና በቁጥር ለመለየት ይከብዳሉ።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ፤ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች በገበቴው ግርጌ የሚቀረውን ጥቁር አሸዋ ያውቁታል። አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ማግኔታይት አለ፤ ማግኔታይት ደግሞ ሜታል ሳይሆን ለመሣሪያው ይመልሳል። ይህ የሸክላ ጡብ ስባሪም፣ እንደሰማችሁት፣ ይጮኻል፤ ሸክላ ሲተኮስ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት መግነጢሳዊነታቸው ሊጨምር ይችላል። የግራውንድ ባላንስ ቅንብር ሥራው የአፈሩን መልስ መዘግየት ለይቶ መሰረዝ ነው። ሜታል የሌለበት ቦታ መርጠን ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ እያደረግን ድምፁ እስኪረጋጋ እናስተካክላለን። ማስተካከያው የተደረገው ሳይታወቅ የተቀበረ ሜታል ላይ ከሆነ መሣሪያው ያንን ሜታል እንደ አፈር ቆጥሮ ችላ ማለትን ይማራል።

ሚዛኑ ቢስተካከልም የአፈሩ ተጽዕኖ ፈጽሞ አይጠፋም። ነገሩ በጥልቀት ሲቀበር የራሱ ምልክት ይደክማል፣ የአፈሩ ግን ከጭንቅላቱ ሥር እንዳለ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ቁጥሩ ይዋልላል፤ መግነጢሳዊነቱ በበረታ አፈር ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ብረት ወገን ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ዲስክሪሚኔሽን የሚባለው ቅንብር አደገኛ ይሆናል። ተጠቃሚው ምስማር እንዳያስቸግረው ብሎ ዝቅተኛ ቁጥሮችን ሁሉ ጸጥ ሲያደርግ ጥልቁን ጥሩ ነገርም አብሮ ጸጥ ያደርገዋል። ምስማርና ሳንቲም ጎን ለጎን ሲሆኑም የምስማሩ ጸጥታ ሳንቲሙን ሊሸፍነው ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ጠፍጣፋ ብረት፣ ለምሳሌ የዛገ ቆርኪ፣ ማግኔትም አዙሪት ፍሰትም ስላለው ራሱን እንደ ውድ ነገር ያቀርባል።

የአካባቢው መልስ የሚፈለገውን ነገር መልስ ማወኩ ከጥንት ጀምሮ ያለ ችግር ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በመሣሪያው ሲፈልግ ካወኩት ነገሮች አንዱ የፍራሹ የብረት ሞላ ነበር።

የፈንጂ አምካኞች አሠራር ከዚህ ሁሉ የተለየ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዳንድ የፕላስቲክ ፈንጂዎች የያዙት ሜታል እጅግ ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ የአረብ ብረት መምቻ መርፌ ወይም ሞላ ነው፤ ማለትም ዲስክሪሚኔሽን አስቀድሞ የሚጥለው ዓይነት። ስለዚህ አምካኙ በቁጥር አይመርጥም፤ ድምፅ የሰጠውን ሁሉ፣ ቆርኪም ይሁን የጥይት ቀለህ፣ በጥንቃቄ ቆፍሮ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሲ ደብልዩ ኤ 14747 የተባለው የአውሮፓ የስምምነት ሰነድም የእነዚህን መሣሪያዎች ፍተሻ በአየር ላይ ብቻ አይተወውም፤ በአፈር ውስጥም እንዲፈተሹ ዘዴ ያስቀምጣል። በመስክ ላይ ደግሞ አምካኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ለዚህ በተዘጋጀ ትንሽ የመፈተሻ ሜታል ይሞክረዋል፤ ካልጮኸ ወደ መስመሩ አይገባም።