ድልድል፦ ማን ይቅደም? በማን ቁጥር?

እ.ኤ.አ. በ1938 በሌኒንግራድ የኮምፔንሳቶ ኢንዱስትሪ መሐንዲሶች አንድ የ26 ዓመት የሒሳብ ሊቅ ዘንድ ጥያቄ ይዘው ሄዱ። ግንድ የሚልጡ የተለያዩ ማሽኖች አሏቸው፤ የሚላጠውም እንጨት ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱን እንጨት በፍጥነት የሚልጠው ማሽን ሌላው ላይ ይዘገያል። የትኛው እንጨት ለየትኛው ማሽን ቢሰጥ ነው ምርቱ ከፍ የሚለው? ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ጥያቄውን ሲመረምር ያው ነገር በእርሻ መሬት፣ በጭነት ማመላለስና በብረት ቆረጣም ውስጥ እንዳለ አየ። መፍትሔውን በ1939 አሳተመ። በ1975 ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሸለምም ምክንያቱ ለሀብት ድልድል ንድፈ ሐሳብ ያበረከቱት ድርሻ ነበር።

ሀብቱ ውስን፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ድልድል ነው። መልኩ ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከወንዝ ወንዝ ይለያይ እንጂ ውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እንዴት ይሰላ? ማን ይቅደም? የሚሰላበት ቁጥር ከየት መጣ? የመጀመሪያውን ሒሳብ በአብዛኛው መልሶታል። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ዛሬም ሰዎችን ያከራክራሉ።

የስሌቱ አቅም

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 አንድ ሰው የሚያስፈልገውን ንጥረ ምግብ ሁሉ በትንሹ ወጪ እንዴት ሊያገኝ እንደሚችል ጠየቀ። ከ77 የምግብ ዓይነቶች መርጦ፣ እየገመተና እያጣራ፣ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር የሚያስወጣ ዝርዝር አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ «ሲምፕሌክስ» የተባለውን የስሌት ዘዴ ሲፈጥር መሞከሪያው ይኸው ጥያቄ ሆነ። በጠረጴዛ ሒሳብ ማሽን የተሠራው ሥራ 120 ያህል የሰው ቀን ፈጅቶ 39.69 ዶላር የሚል መልስ ሰጠ። ስቲግለር በግምቱ የሳተው 24 ሳንቲም ብቻ ነበር። ዛሬ ይህ ስሌት በኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ያህል አይፈጅም፤ የአውሮፕላን በረራና የነዳጅ ማጣሪያ ዕቅድም በዚሁ ቤተሰብ ዘዴዎች ይወጣል።

ዳንትዚግ በኋላ ክብደት ለመቀነስ ፈልጎ ለራሱ አመጋገብ በኮምፒውተር አሰላ። ሆዱን እንዲሞላለት ስለፈለገ፣ ከውስጡ ያለው ውሃ ሲቀነስ ክብደቱ የሚበዛውን ምግብ ምረጥ አለው። ኮምፒውተሩም ብዙ መቶ ጋሎን ኮምጣጤ ጠጣ ብሎ አዘዘው። በሰንጠረዡ ላይ ኮምጣጤ ውሃ እንደሌለው ተደርጎ ተመዝግቦ ነበርና ማሽኑ በስሌቱ አልተሳሳተም። ስህተቱ ከማሽኑ በፊት፣ መለኪያውን በመረጠውና ሰንጠረዡን በሞላው ሰው እጅ ነበር።

ወረፋና መቆላለፍ

ሁለተኛው የስሌት መስክ ጊዜን ይደለድላል። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎች እንዴት እንደሚመጡ በሒሳብ አጠና፤ የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። ትምህርቱ ባንክ ቤት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው። አንድ መስኮት ብቻ አለ፣ ደንበኞች እንዳጋጣሚ ይመጣሉ፣ አንዱ ደንበኛ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በቀላሉ ሞዴል መሠረት ሠራተኛው ግማሹን ጊዜ ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ፣ የመጣው ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲሆን 90 ደቂቃ፣ 95 በመቶ ሲሆን ከሦስት ሰዓት በላይ ይጠብቃል። ሠራተኛው ለአፍታ እንዳያርፍ የሚተጋ አለቃ ወረፋውን ራሱ ያረዝመዋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ባዶ የሚታይ አልጋም ብክነት ላይሆን ይችላል።

ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ፕሮግራም ማተሚያውን ይዞ ፋይሉን ይጠብቃል፤ ሌላው ፋይሉን ይዞ ማተሚያውን ይጠብቃል። ሁለቱም ተፋጠው ይቀራሉ። ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ የባንክ አበዳሪን ይመስላል፦ ከተሰጠ በኋላ ተበዳሪዎቹ ሁሉ በየተራ ሥራቸውን ጨርሰው የሚመልሱበት መንገድ ከሌለ አትስጥ። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ተሰጥቶ አንዱም ያልተጠናቀቀባቸውን ግንባታዎች ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምክር እንግዳ አይሆንበትም።

ማን ይቅደም?

እ.ኤ.አ. በ1960 በሲያትል ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር የኩላሊት እጥበትን ደጋግሞ ለማድረግ የሚያስችል መሣሪያ ሠራ። ማሽኖቹ ጥቂት፣ ሕሙማኑ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ማን እንደሚታጠብ የሚወስን ስማቸው ያልተገለጸ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቄስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት ነበሩበት። ጉዳዩን «ላይፍ» መጽሔት በ1962 ሲያወጣው፣ የሕሙማኑ ትዳር፣ የልጆቻቸው ብዛት፣ ገቢያቸውና ሥራቸው ሁሉ እንደሚመዘን ታወቀ። ሕዝቡ ደነገጠ። በ1972 የወጣ ሕግ ለአብዛኞቹ ሕሙማን ወጪውን መንግሥት እንዲሸፍን ሲያደርግ የዚያ ዓይነት ኮሚቴ አስፈላጊነት ቀረ።

አካል ግን በሕግ አይበዛም። አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ ለንቅለ ተከላ የሚሆን ጉበት ስታድል ቅድሚያ የምትሰጠው የደም ምርመራ ውጤት ለሞት ይበልጥ መቅረቡን ለሚያሳይ ሰው ነው። ቁጥሩ እንደ ሲያትሉ ኮሚቴ ትዳርና ገቢን አይመዝንም። ሆኖም «በጣም የታመመው ይቅደም» ወይስ «ረጅም ዕድሜ የሚያገኝበት ይቅደም» የሚለውን የመረጠው ሰው ነው።

ገንዘብ ዋጋ መቁረጫ መሆን በማይችልባቸው ቦታዎች ሌላ ዘዴ አለ። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ተማሪዎችንና ኮሌጆችን በየምርጫቸው ማገናኘት የሚቻልበትን ሥርዓት አሳዩ። አልቪን ሮዝ በኋላ ሐሳቡን በአሜሪካ ለአዳዲስ ሐኪሞች ምደባና ለትምህርት ቤት ምርጫ ሥራ ላይ አዋለው፤ ለወዳጁ መስጠት ፈልጎ ያልተስማማው ለጋሽ ከሌላው ጋር የሚለዋወጥበትን የኩላሊት ልውውጥም ከባልደረቦቹ ጋር ነደፈ። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 ኖቤል ተሸለሙ። የዘዴው ጥበብ መራጩን ከብልጠት ማሳረፉ ነው። ደካማ ሥርዓት ውስጥ ተማሪው የሚወደውን ትቶ «ይደርሰኛል» የሚለውን ይሞላል፤ ጥሩ ሥርዓት ውስጥ እውነቱን መናገር አይጎዳውም።

የጋራ የሆነው

ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ሲል ጻፈ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በየአገሩ ያሉ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ ሰዎች ደንብ አውጥተው፣ ተቆጣጥረውና ቀጥተው ለዘመናት ሲጠቀሙ እንደኖሩ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ አሳየች፤ በ2009 ኖቤል ተሸለመች። የመንዝ ጓሳ የጋራ የሣር መሬት ለዚህ ምስክር ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ ነበር፤ ሲደርስ በሽማግሌዎች ውሳኔ ተከፍቶ ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። በመስኖ መንደሮችም «የውሃ አባት» ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ የዘለለውን ያስቀጣል።

ከዚህ ጋር የዓባይን ድልድል እናነጻጽር። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ተካፈሉ፤ 10 ቢሊዮኑ የትነት ሆነ። ድምሩ 84 ነው፤ ሒሳቡ ይገጥማል። ከውሃው ከ80 በመቶ በላይ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ ግን በሠንጠረዡ ላይ የለችም።

ዕጣና ቀመር

መመዘን ሲያስቸግር ሰው ዕጣ ይጥላል። እቁብ የሚጸናው ሁሉም ዕጣው ሲወጣ ስለሚያይና ያልደረሰው ተራው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም በዕጣ ሲተላለፍ ቆይቷል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ግን መረጃው ላይ ችግር ተገኝቶ ተሰረዘ። የዕጣ ፍትሕ ከዝርዝሩ አይበልጥም።

የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማም ቀመር አለው፤ የሚያጸድቀው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከሚሰላባቸው ነገሮች አንዱ የሕዝብ ብዛት ነው። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። የቱንም ያህል የረቀቀ ቀመር ቢሆን የሚሠራው ከዚያ ወዲህ በተገመተ ቁጥር ነው።

«ኮምፒውተሩ ነው የመደበው» የሚል መልስ ሲሰጠን ስለዚህ የምንጠይቀው አለን። መለኪያውን ማን መረጠው? ዝርዝሩን ማን ሞላው? ቅሬታ ያለው ለማን ይበል? የውሃ አባት ቢያዳላ፣ ተራው የተዘለለበት ገበሬ በነጋታው ቦዩ ዳር ሄዶ ይሟገተዋል። የሲያትሎቹ ሰባት ሰዎች ግን ስማቸው እንኳ አይታወቅም ነበር።