የቤተ እስራኤላውያን ነባር መካነ መቃብሮችና የአስተዳደር አካላት ኃላፊነት

በአማራ ክልል የሚገኙ የቤተ እስራኤላውያን ነባር መካነ መቃብሮች በአግባቡ ካልተመዘገቡና ወሰናቸው ካልተከለለ በእርሻ፣ በግጦሽና በግንባታ ሊጠፉ የሚችሉ ቅርሶች ናቸው።

ቤተ እስራኤላውያን በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜንና በቋራ ለበርካታ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በግብርና፣ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራም ይታወቁ ነበር። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የምትገኘው ወለቃና የአምቦበር መንደር፣ መስጊድ ብለው ከሚጠሯቸው የጸሎት ቤቶቻቸው ጋር ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳ መንደሮች ናቸው።

በኅዳርና ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በሱዳን በኩል የተካሄደው ዘመቻ ሙሴ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን፣ የማኅበረሰቡን አብዛኛውን ክፍል ወደ እስራኤል ወስደዋል። በሱዳን ጉዞ ላይ ሕይወታቸው ላለፈ ሰዎች በ1999 ዓ.ም በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በአገር ቤት ያረፉ ቀደምቶቻቸው መታሰቢያ ግን መቃብራቸው ብቻ ነው።

ችግሩን የሚያከብደው ከመቃብሮቹ ብዙዎቹ ስም ያልተጻፈባቸው የድንጋይ ክምሮች መሆናቸው ነው። ክምሩ ከተነሣ የመቃብሩ ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ ቦታውን የሚያውቁ አዛውንቶች ሲያልፉም የሚመሰክር አይኖርም። በአይሁድ ሥርዓት የሙታንን ዐፅም ማፍለስ በመርህ ደረጃ የተከለከለ በመሆኑ፣ መቃብሩን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ቀላል መፍትሔ አይሆንም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በሕንፃ፣ በመንገድ ወይም በመሰል ቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ሳይዘገይ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ባለበት ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል። ግዴታው በጎንደር ዙሪያ ብቻ ሳይሆን፣ መካነ ሰላምን ጨምሮ በየትኛውም አካባቢ ለሚገኝ የሥራ ኃላፊ የሚሠራ ነው።

ይሁን እንጂ ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ የሚደረግ ጥበቃ የዘገየ ነው። በመሆኑም የቀበሌና የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ቦታ ለእርሻም ሆነ ለግንባታ ከመስጠታቸው አስቀድሞ የአካባቢውን አዛውንቶች መጠየቅ፣ መካነ መቃብሩን በካርታ ማስፈርና በመዝገብ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል። አጥር የማጠርም ሆነ ክምሮችን የመጠገን ሥራ ከባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችና ከማኅበረሰቡ ተወካዮች ጋር በመመካከር ሊከናወን ይገባል።

በመዝገብ የሰፈረና ወሰኑ የተለየ መካነ መቃብር፣ የአያቶቻቸውን መቃብር ፍለጋ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ትውልዶች አድራሻ፣ ለተመራማሪዎችም ሕያው ማስረጃ ሆኖ ይቆያል።