ያውቁ ኖሯል? ኦሃዮ ስቴት በኮሮናው ዓመት

(ቀኖቹ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኳሱም በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው።)

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2020 የውድድር ዘመን ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሰው 7 ጨዋታ ብቻ አድርጎ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ተጋጣሚው አላባማ 12 ተጫውቶ ነበር የመጣው።

ከዚያ በፊት ውድድሩ ጭራሽ የለም ተብሎ ነበር። ኦሃዮ ስቴት ያለበት፣ ያኔ 14 ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈው ማኅበር፣ ቢግ ቴን፣ ኦገስት 11 ቀን የመኸሩን ጨዋታ ማስተላለፉን አስታወቀ። ድምፁ 11 ለ3 ነበር፤ የተቃወሙት ኦሃዮ ስቴት፣ ነብራስካና አይዋ ናቸው። ማኅበሩ ይህን ቁጥር ወዶ አላወጣውም። ስምንት የነብራስካ ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ስለገተሩት ነው የወጣው።

የኦሃዮ ስቴቱ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ጀስቲን ፊልድስ በበኩሉ «እንጫወት» የሚል የፊርማ ማሰባሰቢያ በኢንተርኔት ከፈተ፤ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ፈረመለት። ሴፕቴምበር 16 ቢግ ቴን ውሳኔውን አጠፈ። ፊርማው ብቻውን ያመጣው ለውጥ ግን አይደለም። ፈጣን ምርመራ በየቀኑ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ መገኘቱ ለሹሞቹ ጥሩ ምክንያት ሆናቸው። ሌሎች ትልልቅ ማኅበራት ሲጫወቱ ዳር ቆሞ ማየቱም ሳያንገበግባቸው አልቀረም።

ቫይረሱ የተገኘበት ተጫዋች ቢያንስ ለ21 ቀን ጨዋታ እንዳይገባ ተደንግጎ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ሐኪሞቹን ያሰጋቸው ሳንባ ብቻ አልነበረም። ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል ተብሎ ስለተፈራ፣ ልጁ ቢያገግምም ልቡ ሳይመረመር ማልያ አይለብስም። የጨዋታ መርሐ ግብሩ ደግሞ ስምንት ጨዋታ በስምንት ሳምንት ነበር፤ አንድም የማካካሻ ሳምንት የለውም። የተሰረዘ ጨዋታ ተሰረዘ ማለት ነው፤ አንድ ቀን የታመመ ልጅም ሦስት ግጥሚያ ያመልጠዋል። ዲሴምበር ላይ 21ዱ ቀን ወደ 17 ዝቅ ተደረገ።

የኦሃዮ ስቴት ስታዲየም 102,780 ሰው ይይዛል። በዚያ ዓመት ለሕዝብ አንድም ትኬት አልተሸጠም።

ከስምንቱ ጨዋታዎች ሦስቱ ተሰረዙ። የሜሪላንዱ በሜሪላንድ ቤት በተነሳ ወረርሽኝ ቀረ። የኢሊኖዩ ግን ጦሱ ከራሱ ከኦሃዮ ስቴት ነው፦ ዋና አሠልጣኙ ራያን ዴይ ሳይቀር ቫይረሱ ተገኘበት፤ ቡድኑም በጨዋታው ዋዜማ ጉዞውን ሰረዘ። ሦስተኛው፣ የሚሺጋኑ፣ ዝቅ ብለን የምንመለስበት ነው።

ዲሴምበር 5 ቀን ሚሺጋን ስቴትን ሲገጥሙ አሠልጣኙ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። በቦታው የቆመው የተከላካይ መስመር አሠልጣኙ ላሪ ጆንሰን ነው። በዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ታሪክ ቡድኑን በጨዋታ ቀን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ። ፊልድስን ከሚጠብቁት የፊት መስመር ቋሚ ተሰላፊዎች ብዙዎቹ አልነበሩም፤ ተጠባባቂዎቹ ገቡ። ውጤት፦ 52 ለ12።

ለቢግ ቴን ሻምፒዮና ጨዋታ ለመብቃት ቢያንስ ስድስት ግጥሚያ ማድረግ ግዴታ ነበር። ኦሃዮ ስቴት አምስት ላይ ቀረ። ታዲያ ምን ተደረገ? ዲሴምበር 9 ሕጉ ተነሳ! ሕጉ ባይነሳ ኖሮ ተራው የኢንዲያና ነበር። ኢንዲያና ያኔ ከ1967 ወዲህ የቢግ ቴንን ዋንጫ ያልቀመሰ፣ በዚያ ዘመንም እስከዚያ ቀን በኦሃዮ ስቴት ብቻ 42 ለ35 የተሸነፈ ቡድን ነበር። እርስ በርስ ተጋጥመው ኦሃዮ ስቴት አሸንፏልና ውሳኔው በሜዳ ሚዛን አያስነውርም። ግን ሕጉን ያነሱት ትልቁ ቡድን ሲነካ ነው። አምስት ላይ የቀረው ኢንዲያና ቢሆን ኖሮ ስብሰባ የሚጠራ ይኖር ነበር? እኛ እንጠራጠራለን።

በሻምፒዮናው ተጋጣሚው ኖርዝዌስተርን እስከ ዕረፍት 10 ለ6 ይመራ ነበር። የኦሃዮ ስቴት ቁልፍ ኳስ ተቀባይ ክሪስ ኦላቬ በኮሮና ምክንያት አልተሰለፈም። በአየር የጠፋውን በምድር የመለሰው ከኦክላሆማ የመጣው ትሬይ ሰርመን ነው፤ በ29 ሩጫ 331 ያርድ። ኤዲ ጆርጅ በ1995 ያስመዘገበው የ314 ያርድ የዩኒቨርሲቲው ክብረ ወሰን ተሰበረ፤ ጨዋታውም 22 ለ10 አለቀ።

የክሌምሰኑ አሠልጣኝ ዳቦ ስዊኒ (ስሙ ነው፤ አልቀለድንም) በአሠልጣኞች የደረጃ ድምፅ ኦሃዮ ስቴትን 11ኛ አድርጎት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ምክንያቱ ስድስት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ቡድን ከዚያ በላይ አይገባውም የሚል ነው። ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ ነበር፤ ክፋቱ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ኒው ኦርሊንስ ላይ በአገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ፣ በሹገር ቦውል፣ የሚገጥመው ያንኑ 11ኛውን ቡድን መሆኑ ነው። በጨዋታው መካከል አንድ የክሌምሰን ተከላካይ በራስ ቁሩ አናት ፊልድስን ጎኑ ላይ መታው፤ ፊልድስ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ቀረ፤ መቺው ከሜዳ ተባረረ። ፊልድስ አንድ የማጥቃት ሙከራ ብቻ ከዳር ሆኖ ካየ በኋላ ተመልሶ በመጀመሪያ ውርወራው ለኦላቬ ተችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር የሚያሳልፍ ነጥብ) አቀበለ። በጠቅላላው ስድስት ተችዳውን ወረወረ። 49 ለ28።

ፍጻሜው ግን ጃንዋሪ 11 ማያሚ ጋርደንስ ውስጥ በ14,926 ተመልካች ፊት ተደርጎ በአላባማ 52 ለ24 አሸናፊነት አለቀ። ሰርመን ገና በጅምሩ ተጎድቶ ወጣ። የአላባማው ዴቮንታ ስሚዝ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 12 ኳስ ተቀብሎ 215 ያርድ ሄደ፤ ሦስት ተችዳውንም አስቆጠረ።

ወደ ሚሺጋን እንመለስ። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን ከ1918 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳያቋርጡ ሲጋጠሙ ኖረው በ2020 ሚሺጋን ቤት ቫይረሱ በመግባቱ ቀሩ። የሚገርመው፣ ዓለምን የፈጀው የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ግጥሚያቸውን አላስቆመውም። እንዲያውም ለአምስት ዓመት ተቋርጦ የቆየው ጨዋታ የተመለሰው በዚያው ዓመት ነው። ኖቬምበር 30 ቀን 1918 ኮሎምበስ ላይ ሚሺጋን 14 ለ0 አሸነፈ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 1911 ይውላል፤ አዲስ አበባን ብዙ ሰው ያሳጣት፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው የኅዳር በሽታ ወር ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥነውም ከዚያ ወረርሽኝ ወዲህ ነው።

የ2020ው ግጥሚያ ሲሰረዝ ሚሺጋን በ2 ድልና በ4 ሽንፈት ተዳክሞ ነበር። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ ስምንት ተከታታይ ጊዜ አሸንፎታል፤ ዘጠነኛዋን እንደ እጁ ቆጥሯት ነበር። የተሰረዘ ጨዋታ ለማንም ስለማይመዘገብ ስምንቱ ስምንት ሆኖ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ሚሺጋን በሜዳው 42 ለ27 አሸነፈ።