ጥራቱ በክረምት የሚፈተን ውኃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወረታና እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ውኃ የሚታጣበት አገር አይደለም፤ ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፣ የከርሰ ምድር ውኃውም በብዙ ቦታ ብዙ ሳይቆፈር ይገኛል። ይሁንና ውኃው ለቆፋሪ የቀረበውን ያህል ከላይ ለሚወርደው ቆሻሻም ቅርብ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት አፈሩ ነው። የሜዳው አፈር በአብዛኛው ዋልካ፣ ማለትም ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ሸክላማ አፈር በመሆኑ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በየሜዳው የከረመው አዛባና ዓይነ ምድር እየታጠበ በዚያ ስንጥቅ ይወርዳል፣ አፈሩም ለማጣራት ጊዜ አያገኝም። ክረምቱ ሲበረታ ስንጥቁ ይገጥምና ውኃው መውረጃ አጥቶ ይተኛል። ፎገራን የሩዝ አገር ያደረገው ይኸው የተኛ ውኃ ነው፤ ወንዞቹ ሲሞሉ ግን የመጸዳጃውንም የመጠጥ ውኃውንም ጉድጓድ አፍ በአንድነት ይሸፍናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም በተለምዶ አተት የሚባለው በሽታ በአገሪቱ እየተዛመተ ስለነበር አደጋው እጥፍ ነበር።

በዓይነ ምድር የተበከለ ውኃ ጠርቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መርማሪዎች በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በጠቋሚነት ይፈልጋሉ፤ መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ በስስ ማጣሪያ አልፎ ማጣሪያው በ44 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ሲያድር ባክቴሪያው ለዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አንድም እንዳይገኝ ይጠይቃል።

ከኬሚካሎቹ መካከል ለዚህ ሜዳ ይበልጥ የሚያሳስበው ናይትሬት ነው፤ ከዩሪያ ማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ እየሰረገ የሚገባ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ በማፍላትም የማይወገድ ነው። በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ሲበልጥ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላዎችን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጥርስና አጥንት ያበላሸው ፍሎራይድ የሚያይለው በዚያው በሸለቆው ነው። በጤና ላይ እምብዛም የማይከፋው ብረት በሌላ መንገድ ይጎዳል፦ ሲቀዳ የጠራው ውኃ አየር ሲያገኝ ይዝጋል፣ ነጠላ ላይ ቀለም ይተዋል፣ ሻይ ያጠቁራል፤ በዚህ የተማረረ ሰው ከጀርም ንጹሕ የሆነውን ጉድጓድ ትቶ ወደ ወንዝ ቢወርድ ትርፉ በሽታ ነው።

በቧንቧ የሚሰራጭ ውኃ ደግሞ የክሎሪን ጥበቃ ያስፈልገዋል። በመስመሩ ውስጥ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን መቅረቱ የሚታወቀው ትንሽ ክኒን በናሙናው ውስጥ ሲሟሟ ውኃው ሮዝ ስለሚሆን ነው፤ ቀለም አለማሳየቱ መከላከያው እንዳለቀ ይናገራል። በፈረቃ በሚለቀቅ መስመር ግፊቱ ሲወርድ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውኃ በላላ መጋጠሚያ ይሳባል። ከቦኖ በንጽሕና የተቀዳውም ባልታጠበ ጄሪካን ወይም ውስጡ በሚነከር ጣሳ ቤት ውስጥ ይበከላል። ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒት የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ደፍራሽ ውኃ ግን ክሎሪኑን ስለሚበላው አስቀድሞ መጥለልና መጣራት አለበት።

ጉድጓድ በአብዛኛው የሚቆፈረውና የሚመረቀው መንገድ በሚደርቅበት በበጋ ስለሆነ የርክክብ ምርመራውም የበጋ ውኃን ብቻ ያሳያል፤ ለፎገራ ይህ ከግማሽ ያነሰ እውነት ነው። ቁርጡ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ በሚወሰድ ናሙና ነው፤ በዚያው ወቅት የፓምፑ የሲሚንቶ ወለል መሰንጠቁ፣ የፍሳሽ ቦዩ መደፈኑ፣ አጥሩ ለከብት መከፈቱ መታየት ይኖርበታል። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ደግሞ እስኪጠራ ድረስ ስለተቀዳ ብቻ ለመጠጥ አይበቃም፤ በባለሙያ የተለካ ክሎሪን ተጨምሮበት ማደር፣ ሽታው እስኪጠፋ እንደገና መቀዳት፣ ከዚያም መመርመር አለበት፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ነዋሪው የሚጠጣውን ያፈላል ወይም ያክማል።