ከነዳጅ ማደያ አጠገብ ያለ ቤት ግምት

ሰበካ ጉባኤ ቤት በስጦታ ሲረከብ ወይም የኪራይ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚጠይቀው መንገድ ዳር መሆኑን ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም፤ ገዢ ግን ለስፍራውም ጭምር እንደሚከፍል የታወቀ ነው።

መርካቶን በመሰለ የንግድ ሠፈር ነዳጅ ማደያ መኪናን ስለሚስብ በአጠገቡ ያለ ሱቅ ሊወደድ ይችላል። መኖሪያው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ይረክሳል። ሽታው በመስኮት ይገባል፤ ነዳጅ በጠፋ ሰሞንም ሰልፉ ደጃፍ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ የማደያ ባይሆንም፣ እሳት በተጠጋጉ ቤቶች መካከል እንዴት እንደሚዛመት አይተናል። ይበልጥ የሚያሳስበን በመሬት ውስጥ የተቀበረው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው፤ ዝጎ ካፈሰሰ የጉድጓድ ውኃን፣ ጠበልንም ሳይቀር፣ ሊበክል ይችላል።

ስለዚህ ጉባኤው ከመዋዋሉ በፊት የሱቁንና የመኖሪያውን ኪራይ ለየብቻ ያስገምት፤ የማጠራቀሚያውንም ዕድሜ ይጠይቅ። የግቢውን ግንባር ለማደያ ለማከራየት የሚያስብ አጥቢያ ደግሞ አስቀድሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ይምከር፤ ዋጋው የሚቀንሰው ቤት የራሱ ምእመናን ቤት ነውና።