ለጊፋታ የተሠራ ቤት ዓመቱን ማን ይደርበት?

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የሚኖር የወላይታ ልጅ ጥቂት ጥሪት ሲቋጥር አገር ቤት ቤት መሥራት ያምረዋል። ሶዶ ላይም ይሁን ቢጠና፣ ቤቱ በእርግጥ የሚፈለገው በጊፋታ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ መስቀልም በዚያው ሰሞን ስለሚውል ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። በዓሉ ሲያልፍ በሩ ይቆለፋል። የዘበኛ ደሞዝ፣ የጣሪያ ጥገናና የመንግሥት ክፍያ ግን አብረው አይቆለፉም። «ለምን በቀረው ጊዜ አይከራይም?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ ቤት ይዞ የማከራየት ጥያቄ ዕድሜ ጠገብ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ነበር። ከተወረሱት ውስጥ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ሁለተኛ ቤት መያዝ ያን ጊዜ የሚያስወርስ ጉዳይ ነበር፤ የአንዳንድ አባቶች «ቤት አታብዛ» ምክር ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬቱን ለመንግሥትና ለሕዝብ ትቶ፣ በላዩ የተገነባውን ለገንቢው ሰጠ።

ዛሬ እንቅፋቱ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ ይመዘገባል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፤ የጭማሪውን ልክ የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ «ጥቅምት ገብተህ ነሐሴ ትለቅልኛለህ» የሚባል ውል አይጸናም፤ ጊፋታ ደረሰ ተብሎም ተከራይ አይባረርም። ሕጉ የሚጠብቀው ቤት የሌለውን ነዋሪ ነው፤ በእኔ አመለካከት ይህ ተገቢ ነው። ለቀናት ማከራየት ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ነውና ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል።

ተከራዩስ? ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ዩኒቨርሲቲም አላት። የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ የሚፈልጉት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበትን ቤት ነው። ለዳሞታ ተራራና ለአጆራ ፏፏቴ የሚመጣ ጎብኚ ለአንድ ሌሊት ሆቴል ይበቃዋል፤ ቢጠናን በመሰለች ትንሽ ከተማ ደግሞ በእንግዳ ኪራይ ወጪን ለመሸፈን ማሰብ ከምኞት አያልፍም።

ስለዚህ የሚያዋጣው ጊዜን ሳይሆን ግቢን መክፈል ነው። ዋናው ቤት በረጅም ውል ይከራያል፤ መግቢያውና ቆጣሪው የተለየ ሰርቪስ ለባለቤቱ ይቀራል፤ ወይም በተገላቢጦሽ። ከኪራዩ ላይ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰንጠረዥ «ለ» መሠረት ግብር ይቀነሳል። የቀረው ዘበኛውንና ጥገናውን ይችል ይሆናል። የግንባታውን ብድር ከኪራዩ እከፍላለሁ ብሎ የሚጀምር ግን መሠረቱን ሳያስቆፍር ስሌቱን እንደገና ይሥራ።